እሁድ ከሰዓትም ክፈቱልን፦ ቆጵሮስ ላሉ የሙዚየምና የቅርስ ኃላፊዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለተከበራችሁ በቆጵሮስ ደሴት ሙዚየሞችንና ጥንታዊ ቦታዎችን ለምታስተዳድሩ ኃላፊዎች፤ እንዲሁም ለአሰሪዎቻችን፣ ጉዞ ለምታዘጋጁልን የራሳችን ሰዎችም ጭምር፤

ሰላም ለሁላችሁ ይሁን።

እኛ በዚህች ደሴት በሰው ቤት ተቀጥረን የምንሠራ ኢትዮጵያውያን ሴቶች ነን። ሽማግሌና አሮጊት እንጦራለን፣ ልጅ እናሳድጋለን፣ ቤት እናጸዳለን። ከሰባቱ ቀን የኛ የሆነው አንዱ ነው፤ እሁድ። እሁድ ጠዋት ለጸሎት እንሰበሰባለን፣ ከዚያ መናፈሻ ሄደን ምሳ እንበላለን፣ ዕቁብ እንጥላለን፣ የሰሞኑን እንጨዋወታለን፣ ሲመሽ ወደየሥራ ቤታችን እንመለሳለን። ከሁለት ዓመት ወዲህ አንድ ነገር ጨመርንበት። በወር አንድ እሁድ የደሴቲቱን ሙዚየምና የታሪክ ቦታ እንይ ተባባልን። 23 ነን።

ይህ ደብዳቤ ሦስተኛችን ነው። የመጀመሪያዎቹን ሁለቱን በእንግሊዝኛ ጽፈን ለአንድ ሙዚየም ልከን ነበር፤ ስሙን አንጠቅስም፣ ጉዳዩም የአንድ ሙዚየም ብቻ አይደለም። የጠየቅነው አንዲት እሁድ ከሰዓት በኋላ በቡድን እንድንገባ ነበር። ለመጀመሪያው መልስ አላገኘንም። ለሁለተኛው የመጣልን መልስ አንድ መስመር ነው፦ ቡድኖች በሥራ ቀን ጠዋት ይምጡ። በሥራ ቀን ጠዋት እኛ የት እንደምንሆን መልሱን የጻፈው ሰው አላሰበበትም። አሁን በአማርኛ፣ በግልጽ ጻፍን። የኛ ሰው ያነበዋል፣ ግሪክኛ የሚችሉ ልጆች ደግሞ ተርጉመው ያደርሱላችኋል።

በመጀመሪያ ይህ ነገር ለኛ ምን እንደሆነ እንንገራችሁ።

አንዷ እህታችን አገር ቤት የምትልከውን ገንዘብ ስትቆጥር አንድ ባለ ሁለት ዩሮ ሳንቲም እጇ ላይ ቀረ። አንደኛው ፊቱ ላይ እጆቿን ግራና ቀኝ የዘረጋች ምስል አለች። "ይቺ መስቀል ናት ሰው?" አለች። ማናችንም አላወቅንም። ስልክ ላይ ፈልገን አገኘናት። ጳፎስ አውራጃ ፖሞስ በምትባል መንደር የተገኘች፣ ከክርስቶስ ልደት በፊት 3000 ዓመት ገደማ የተቀረጸች የድንጋይ ምስል ናት። ዋናዋ ኒቆስያ በሚገኘው የቆጵሮስ ሙዚየም ተቀምጣለች። ፎቶዋን አጉልተን ስናየው አንገቷ ላይ ሌላ ትንሽ ምስል አንጠልጥላለች፤ ትንሿም እንደ ትልቋ እጆቿን ዘርግታለች። ራሷን አንገቷ ላይ አስራለች ማለት ነው። እኛ ሁላችንም አንገታችን ላይ ማተብና መስቀል አለን። ትንሽ ዝም ተባባልን። ስድስት ዓመት፣ ስምንት ዓመት፣ አንዳንዶቻችንም አሥራ አንድ ዓመት ይህን ሳንቲም ስንቆጥር ኖረናል፤ ምን እንደሆነች ግን ጠይቀን አናውቅም ነበር።

ደሴቲቱን ደግሞ ሳንመጣም በስም እናውቃታለን። ቆጵሮስን ያወቅናት በሥራ አገናኝ አይደለም፣ በሐዋርያት ሥራ ነው። በርናባስ የቆጵሮስ ሰው ነው። ጳውሎስና በርናባስ ስልማና ላይ ወርደው ደሴቲቱን እስከ ጳፉ ዞሩ፣ ጳፉ ላይ ኤልማስ የሚባለው ጠንቋይ ዓይኑ ታወረ፣ አገረ ገዥው ሰርግዮስ ጳውሎስ አመነ። ይህን ሰንበት ትምህርት ቤት ተምረነዋል። ያቺ ጳፉ የዛሬዋ ጳፎስ እንደሆነች፣ በአውቶብስ ሁለት ሰዓት ያህል ተጉዘን የምንደርስባት ከተማ እንደሆነች የገባን ግን እዚህ ብዙ ዓመት ከቆየን በኋላ ነው። ጳፎስ ሄደን ጳውሎስ ታስሮ 39 ጅራፍ ተገረፈበት የሚባለውን ዓምድ ስናይ ከመካከላችን ትልቋ፣ እትዬ የምንላት፣ ነጠላዋን አደግድጋ ድንጋዩን ተሳለመች። ላርናካ ቅዱስ አልዓዛር ቤተ ክርስቲያን ስንሄድም እንዲሁ ነው። አልዓዛር ጌታ ከሞት ካስነሳው በኋላ ወደዚህ መጥቶ ጳጳስ ሆኖ እንደኖረ በአገሩ ሰው ዘንድ ይነገራል፤ ከመቅደሱ ሥር መቃብሩን ያሳያሉ። ቤተ ክርስቲያኑን ያሠራው የቢዛንታይኑ ንጉሥ ስድስተኛው ሊዮ ነው ይባላል፣ አሁን 1100 ዓመት አልፎታል። ደረጃውን ወርደን ባዶውን የድንጋይ ሣጥን ስናይ የሆሳዕና ዋዜማ አገር ቤት የምንሰማው ሁሉ ትዝ አለን።

ስለዚህ ለእኛ ሙዚየም መሄድ ጊዜ ማሳለፊያ ብቻ አይደለም። አሁን ወደ ቅሬታችን እንግባ።

አንደኛው ሰዓት ነው። በሜዳ ላይ ያሉት ጥንታዊ ቦታዎች፣ እንደ ጳፎስና እንደ ኩሪዮን ያሉት፣ እሁድም እስከ ማምሻው ክፍት ናቸው፤ ለዚህ እናመሰግናለን። እኛ የጻፍንለት ሙዚየም ግን እሁድ ቀን ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተከፍቶ 7 ሰዓት ላይ ይዘጋል። ጸሎታችን የሚያልቀው 5 ሰዓት ተኩል ነው። እሁድ ደግሞ አውቶብስ እንደ ሥራ ቀን አይደለም፣ አንዱ ካመለጠ ቀጣዩን ቆሞ መጠበቅ ነው። ባለፈው ኅዳር ዝናብ እየዘነበ እየሮጥን 6 ሰዓት ከ35 ደረስን። ቲኬት የሚቆርጠው ሰው ሰዓቱን አየና "ሃያ አምስት ደቂቃ ነው ያላችሁ" አለን። ከፍለን ገባን። አንዷ ልጅ አንድ የሸክላ ዕቃ ፊት ቆመች። አንገቱ ቀጠን ያለ፣ ሆዱ ሰፊ፣ ሁለት ጆሮ ያለው፣ ትከሻው ላይ የተጫረ መስመር የዞረበት ነው። ቁርጥ እናቷ ወንዝ የምትወርድበትን እንስራ ይመስላል። ጎንበስ ብላ ጽሑፉን በጣቷ እየተከተለች፣ ፊደል በፊደል፣ በዝግታ ታነባለች። የስንት ሺህ ዓመት ዕቃ እንደሆነ የሚናገረው ቁጥር ላይ ሳትደርስ መብራቱ ጠፋ። ጠባቂው በሩ ላይ ቁልፉን እያንሿሿ ቆሟል። ልጅቷ ጨለማው ውስጥ ትንሽ ቆየችና ወጣች። እስከ ዛሬ "ስንት ዓመቱ ይሆን?" ትላለች።

ጠባቂው ጥፋተኛ ነው አላልንም። እሱም እንደኛ ሠራተኛ ነው፣ እሁድ ምሳ የሚጠብቁት ልጆች ይኖሩታል። ሰው ያለ ክፍያ ይቆይ አንልም፤ ያለ ክፍያ መቆየት ምን እንደሆነ እኛ እናውቀዋለን። ሰዓቱ ግን ሊዞር ይችላል። ይህን በጥያቄያችን ላይ እናስረዳለን።

ሁለተኛው የበሩ ጉዳይ ነው። ሌላ ቦታ፣ ሌላ ከተማ፣ ሰልፍ ይዘን ነበር። ከፊታችን አራት አውሮፓውያን ጎብኚዎች ገንዘብ ሰጥተው ቲኬት ተቀብለው ገቡ። እኛ ስንደርስ "የመኖሪያ ፈቃድ" ተባልን። የዕድሜ ወይም የተማሪ ቅናሽ ስንጠይቅ ቢሆን መታወቂያ መጠየቁ ይገባናል። እኛ ግን ሙሉ ዋጋ ነው የምንከፍለው። ከመካከላችን ሁለቱ መታወቂያቸውን አልያዙም ነበር፤ አንዷ ፈቃዷ ለእድሳት ገብቶ የያዘችው ደረሰኙን ብቻ ነው። ሁለቱ ውጭ ቀሩ። ገብተን ያየነውን ምንም አናስታውስም። ሁላችንም ያሰብነው ውጭ ስላሉት ነው። ኢሚግሬሽን ቢሮ ያለ ጥያቄ ሙዚየም በር ላይ ምን ይሠራል? አሠራር ከሆነ ተጽፎ በሩ ላይ ይለጠፍ፣ ለሁሉም ይጠየቅ። አሠራር ካልሆነ ደግሞ ይቅር።

ሦስተኛው መከተል ነው። ይህን መጻፍ ያሳፍረናል፣ ግን ሆኗል። ከክፍል ክፍል ስንሄድ አንዲት የሙዚየም ሠራተኛ ከኋላችን አልተለየችም። ሌሎች ጎብኚዎች እንደልባቸው ይዞራሉ። አንዷን እህታችንን ሦስት ጊዜ "አትንኪ!" አለቻት፤ እህታችን ግን እጇን ከኋላ አጣምራ ነበር የቆመችው። ይቺ እህታችን የምትሠራበት ቤት አንድ ቁም ሣጥን ሙሉ የጥንት ብርጭቆና የሸክላ ሣህን አለ፤ የማዳም እናት ትተውላት የሄዱ። በየሳምንቱ አንድ በአንድ እያወረደች፣ ወፍራም ፎጣ ዘርግታ፣ በለስላሳ ጨርቅ አብሳ መልሳ ትደረድረዋለች። በሰባት ዓመት አንድ አልሰበረችም። የሚሰበር ዕቃ እንዴት እንደሚያዝ ከእሷ የበለጠ የሚያውቅ ጎብኚ በዚያ ቀን እዚያ አልነበረም። ከዚያ ወዲህ ከኛ ጋር አልመጣችም። "ስድስት ቀን ሲያዩኝ ይውላሉ፣ ሰባተኛውን ማንም ሳያየኝ ልዋል" አለችን። ምን እንበላት?

አራተኛው ቦርሳ ነው። እሁድ ከቤት ስንወጣ እስከ ማታ አንመለስም፤ ስለዚህ ምሳ ዕቃ አለ፣ ነጠላ አለ፣ ቴርሞስ አለ፣ ልብስ አለ። ትልቅ ቦርሳ ይዞ መግባት ክልክል መሆኑ ትክክል ነው። ግን ቁልፍ ያለው ሣጥን ወይም አንድ ጥግ የሌለበት ቦታ አለ። እንዲህ ሲሆን አንዷ ውጭ ቀርታ ዕቃ ትጠብቃለች። ብዙ ጊዜ የምትቀረው ያቺው ናት፤ ከሁላችን ታናሿ። "እትዬ፣ እርስዎ ይግቡ፣ እኔ ወጣት ነኝ ሌላ ጊዜ አያለሁ" ትላለች። ሌላ ጊዜውም ሲመጣ ያንኑ ትላለች። በስልክ የተነሳችው ፎቶ ሁሉ በር ላይ ቦርሳ ተከባ ነው።

አምስተኛው ቋንቋ ነው። እዚህ ላይ እንዳትቀየሙን፤ ለሃያ ሦስት ሴት ብላችሁ ግድግዳውን በአማርኛ ጻፉት አላልንም። ብዙዎቻችን ግሪክኛ እንሰማለን፣ እንግሊዝኛ እየተጎተትን እናነባለን። ግን የሚያመልጠን ነገር ብዙ ነው። ለምሳሌ ኩሪዮን ላይ፣ ባሕሩን ቁልቁል ከሚያየው ቲያትር አጠገብ፣ የዩስቶሊዮስ ቤት የሚባል አለ። ወለሉ በሞዛይክ ጽሑፍ የተሞላ ነው። እኛ ወፎቹንና ዓሦቹን አይተን ልናልፍ ነበር። አንዲት የጀርመን ሴትዮ ቆማ ከመጽሐፏ በእንግሊዝኛ አነበበችልን። ይህ ቤት በትላልቅ ድንጋይና በብረት ፋንታ የከበሩ የክርስቶስ ምልክቶችን ታጥቋል ይላል። በአምስተኛው ክፍለ ዘመን ገደማ የተጻፈ ነው፤ ከተማዋን የመሬት መንቀጥቀጥ አፍርሷት እንደገና የተሠራች ጊዜ። ሴትዮዋ ባትኖር ረግጠነው ሳይሆን አይተነው እንኳ ሳናውቀው እንሄድ ነበር።

ስለዚህ ራሳችን ሠራን። ከመካከላችን አንዷ አገር ቤት አስተማሪ ነበረች። ስለ ጳፎስ፣ ስለ ኩሪዮንና ስለ ሂሮኪቲያ አራት ገጽ በአማርኛ አዘጋጀች። የጳፎሱ ሞዛይክ እ.ኤ.አ. በ1962 አንድ ገበሬ ሲያርስ በአጋጣሚ እንደተገኘ፤ የነገሥታት መቃብር የሚባለው ቦታ ውስጥ ንጉሥ እንደሌለ፣ የተቀበሩት ባለሥልጣናትና ባለጸጎች እንደሆኑ፤ ሂሮኪቲያ ላይ ሰው ከ8000 ዓመት በላይ በፊት ክብ የድንጋይ ቤት ሠርቶ እንደኖረና ሙታኑን እዚያው ከወለሉ ሥር ይቀብር እንደነበር፤ ሁሉንም በቀላል አማርኛ አስቀመጠችው። ሂሮኪቲያ ላይ መልሰው የሠሯቸውን ክብ ቤቶች ስናይ ሁላችንም በአንድ አፍ "ጎጆ!" ብለናል። ወረቀቱን ለአንድ የቲኬት ቢሮ ሰጥተን "ከፈለጋችሁ አባዝታችሁ ለመጣ ሰው ስጡ፣ ዋጋ የለውም" አልን። ተቀበሉን። በሦስተኛው ወር ስንመለስ እዚያው ጠረጴዛ ላይ ከሰጠንበት ላስቲክ ሳይወጣ አየነው። የቡና ስኒ ተቀምጦበታል።

ስድስተኛው ከሁሉ የሚከብደን ነው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ ደሴቲቱ በቬኒስ እጅ ሳለች፣ ኒቆስያ ውስጥ ኢትዮጵያውያን መነኮሳት ይኖሩ ነበር። ቆጵሮስ ለኢየሩሳሌም ቅርብ ናት፤ የኛ ተሳላሚዎች እግራቸው እዚህ ደርሷል። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች እዚሁ ደሴት ላይ የተወለደ ዮሐንስ የሚባል ሰው ነበር። አድጎ ሮም ሄደ። ቫቲካን አጠገብ ባለው በኢትዮጵያውያኑ የቅዱስ እስጢፋኖስ ገዳም ኖረ። ያ ገዳም አባ ተስፋ ጽዮን የግዕዝ አዲስ ኪዳንን እ.ኤ.አ. በ1548 እና በ1549 ያሳተሙበት ነው። ዮሐንስን በመጨረሻ የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን ጳጳስ አድርጋ ሾመችው። እኛ ተዋሕዶዎች ነን፣ የሃይማኖቱ ነገር ሌላ ጉዳይ ነው። ግን ልጁ የዚህች ደሴት ልጅ ነው፣ የኛም ልጅ ነው። ቆጵሮስ ላይ ተወልዶ ጳጳስ የሆነ ሐበሻ!

ይህን ያወቅነው ሙዚየም ውስጥ አይደለም። አንድ ተማሪ ነው ያነበበልን። በጎበኘናቸው ቦታዎች ሁሉ ፈለግን፤ ፍራንኮች አሉ፣ ቬኒሶች አሉ፣ ኦቶማኖች አሉ፣ እንግሊዞች አሉ፣ አርመኖችና ማሮናውያንም አሉ። እኛ የለንም። ኒቆስያን የከበበውን ባለ 11 ምሽግ የቬኒስ ግንብ ስንዞር፣ እ.ኤ.አ. በ1567 መሠራት ሲጀምር እነዚያ መነኮሳት አይተውት ይሆን እያልን ነበር። ከሦስት ዓመት በኋላ ከተማዋ በኦቶማን እጅ ወደቀች። የሆነ ቦታ፣ ሁለት መስመር፣ "ኢትዮጵያውያንም እዚህ ነበሩ" የሚል ጽሑፍ ብናገኝ ልጆቻቸውን የምናሳድግላቸው ሰዎችም እኛን የሚያዩበት ዓይን ትንሽ የሚለወጥ ይመስለናል። አንዷ የምታሳድገው የስምንት ዓመት ልጅ "እናንተ አገር ታሪክ አለ?" ብሎ ጠይቋታል። ልጅ ነው፣ ክፉ አላሰበም።

የተሸሸገ ወይም የተወሰደ ቅርስ ምን እንደሚመስል ደግሞ ለኛ አዲስ አይደለም። በዚህችው ደሴት አያ ኢሪኒ በሚባል ቦታ ስዊድናውያን እ.ኤ.አ. በ1929 ቆፍረው ካገኟቸው ወደ 2000 ከሚጠጉ የሸክላ ምስሎች ገሚሱ ኒቆስያ፣ ገሚሱ ስቶክሆልም እንደሆነ ስናነብ፣ እነዚያ በጊዜው በነበረው ደንብ የተካፈሉ ቢሆንም፣ እኛ ወዲያው ትዝ ያለን መቅደላ ነው። እ.ኤ.አ. በ1868 ከመቅደላ የተጫነው መጽሐፍና ታቦት ለንደን ነው። ሰው የራሱን ታሪክ ለማየት ባሕር መሻገር ሲኖርበት ምን እንደሚሰማው ከኛ በላይ ማን ያውቃል? እናንተም ታውቁታላችሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ሰዎች። ጉዞ እናዘጋጃለን የምትሉ፣ ማንነታችሁን ታውቃላችሁ፣ እኛም ስም አንጠራም። ባለፈው ክረምት "የበርናባስና የጳውሎስ መንገድ" ብላችሁ ገንዘብ ሰብስባችሁ ነበር። ከሌሊቱ 11 ሰዓት ተነስተን ተሳፈርን። አራት ሰዓት ያህል የባሕር ዳርቻ ሬስቶራንት ላይ ቆየን፤ የነገሥታት መቃብር 20 ደቂቃ፣ ያውም ቀትር ላይ፣ ጥላ በሌለበት። ጳውሎስ ዓምድ ጋ አውቶብሱ እንኳ አልቆመም፣ በመስኮት "ያ ነው" ተባልን። ያ ገንዘብ ከምን እንደሚወጣ ታውቃላችሁ። ከእህት ልጅ ደብተር፣ ከእናት መድኃኒት ላይ ተቀንሶ ነው። ሌላ ጊዜ ፕሮግራሙን ከነሰዓቱ በወረቀት ስጡን፣ የመግቢያውን ዋጋ ለብቻ ጻፉ፣ የተባለው ካልሆነ ገንዘብ መልሱ።

አሰሪዎቻችንንም አንድ ነገር እንበላችሁ። ከናንተ መካከል ደግ የሆናችሁ ብዙ ናችሁ። አንዷ እህታችን የምትጦራቸው አሮጊት ራሳቸው በተሽከርካሪ ወንበር ቆጵሮስ ሙዚየም ወስደዋታል፤ ወንበሩን እየገፋች ሁለቱም አዩ። የሮሙን ንጉሠ ነገሥት የሴፕቲሚዮስ ሴቬሮስን የነሐስ ሐውልት ሲያሳዩዋት፣ "ይህ ሰው የተወለደው ሊቢያ ነው፣ አፍሪካዊ ነው" አሏት። ያን ቀን ማታ ደውላ ሁላችንንም ቀሰቀሰችን። ሌሎቻችሁ ግን እሁድን ትሸራርፉታላችሁ። ቁርስ አቅርበሽ ሂጂ፣ ለእራት ድረሺ፣ እንግዳ አለ ቆይተሽ ውጪ። አንድ ሙሉ እሁድ ከልብ ስጡን፣ ወይም በወር አንድ የሥራ ቀን ጠዋት ቀይሩልን።

መልካሙንም እንናገር፣ ምክንያቱም ምን እንደምንፈልግ የሚያሳየው እሱ ነው። ትሮዶስ ተራራ ላይ ባለ ሥዕሎቹ ቤተ ክርስቲያኖች አሉ፤ አሥሩ በዩኔስኮ ተመዝግበዋል። ኒኪታሪ ከምትባል መንደር በላይ ያለችው አሲኑ አንዷ ናት። ከውጭ ስታዩዋት ጎተራ ትመስላለች፤ ጣሪያዋ እንደ ቤት የሾጠጠ፣ ትንሽ። ውስጧ ግን ከእ.ኤ.አ. 1105 እና 1106 ጀምሮ የተሣለ ግድግዳ ነው፣ ባዶ ቦታ የለውም። ከነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ብዙዎቹ እንደተቆለፉ ይውላሉ፣ ቁልፉ መንደር ውስጥ አንድ ሰው ዘንድ ነው። እኛም እዚያ አካባቢ ከአንዷ በር ላይ ቆመን ደወልን። አንድ ሽማግሌ ከእሁድ ምሳቸው ተነስተው፣ አፋቸውን እየጠረጉ፣ ዳገቱን ወጡ። መታወቂያ አልጠየቁንም። ነጠላችንን አይተው "ኦርቶዶክስ?" ብቻ አሉ። አዎ አልን። በሩን ከፈቱና መብራቱን አበሩ። ግድግዳው ላይ ፈረስ የተቀመጠ ቅዱስ አለ። "አዮስ ዮርጊዮስ" አሉ በጣታቸው እያሳዩ። "ጊዮርጊስ!" አልን ሁላችንም። ሳቁ። ከዚያ በረንዳው ላይ ተቀምጠው፣ "ስትጨርሱ ጥሩኝ" አሉ። አንድ ሰዓት ሙሉ ማንም አልተከተለንም። ታናሿም ያን ቀን ገባች፤ ቦርሳውን ሽማግሌው አጠገባቸው አስቀምጠው ጠበቁልን።

ስለዚህ የምንጠይቃችሁ ይህን ነው።

በወር አንድ እሁድ፣ በየከተማው አንድ ሙዚየም፣ ሰዓቱን አዙሩልን። ከ4 እስከ 7 ሰዓት መሆኑ ቀርቶ ከ7 እስከ 10 ሰዓት ይሁን። ያው ሦስት ሰዓት ነው፤ ሠራተኛው አንድ ደቂቃ ትርፍ አይሠራም፣ ተጨማሪ በጀትም አያስፈልግም። የሚጠቅመውም እኛን ብቻ አይደለም። ፊሊፒናውያን፣ ስሪላንካውያን፣ ኔፓሎች፣ በዚህች ደሴት በየቤቱ የሚሠራ ሁሉ ዕረፍቱ እሁድ ነው።

በር ላይ ለሁሉም አንድ ዓይነት ጥያቄ ይጠየቅ። ሙሉ ዋጋ የሚከፍል ሰው መታወቂያ አይጠየቅ።

ለጠባቂዎችና ለሠራተኞች ንገሯቸው። የሚነካ ሰው ካለ ይከልከል፣ ያልነካ ግን አይከተሉት።

ቦርሳ የሚቀመጥበት አንድ ቦታ ይኑር። ቁልፍ ያለው ሣጥን ባይኖር አንድ መደርደሪያና ቁጥር የተጻፈበት ካርቶን ይበቃል።

የተረጎምነውን ወረቀት ውሰዱት። ስህተት ካለበት የናንተ ባለሙያ ያርመው፣ እኛ እንደገና እንጽፈዋለን። ክፍያ አንጠይቅም። ስማችንም አይጻፍበት።

ስለ ቆጵሮሱ ዮሐንስና ስለ ኒቆስያ ኢትዮጵያውያን የምታውቁትን፣ መዛግብታችሁ ውስጥ ያለውን፣ ለሰው በሚታይ ቦታ ጻፉልን። ለዚህ ምሁር አለ፣ መዝገብ አለ፤ የጎደለው ውሳኔ ነው።

መልሳችሁን በጽሑፍ እንፈልጋለን፤ "አይቻልም" ቢሆንም ለምን እንደማይቻል ተጽፎ ይምጣ። እስከዚያው በየወሩ መጀመሪያ እሁድ መሄዳችንን አንተውም። በሚቀጥለውም እንመጣለን፣ 6 ሰዓት ከ35 ላይ፣ እየሮጥን። ያቺ እንስራውን ያየችው ልጅም ትመጣለች፤ ዘንድሮ በቀጥታ ወደዚያ ክፍል ነው የምትሄደው፣ ቁጥሩን ማንበብ አለባት።

ከአክብሮት ጋር፣

በቆጵሮስ የቤት ሠራተኛና የእሁድ ጉብኝት ቡድናችን አስተባባሪ፤ ስለ 23ታችን